ባዶ የመሰለው ሳር

በዓል ሲቃረብ የአዲስ አበባ ሰው የለመደው አንድ ትርኢት አለ። ከገጠር የተነዱ በጎች በአስፋልት መካከል በተዘረጋችው ጠባብ የሳር መደብ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ነጂው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ አንድ ዓይኑን ወደ መኪናው፣ አንድ ዓይኑን ወደ ገበያተኛው ጥሎ ይቆማል። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ እኔም ከገበያተኞቹ አንዱ ነበርኩ። ነጂው በጎቹን ገና ሳይጠግቡ ሲያስነሳቸው ከአጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት፣ «ተዋቸው እንጂ ልጄ፣ ትንሽ ይቅመሱ» አሉት። ወጣቱ ሳቅ አለና፣ «አባቴ፣ እስከ ሥሩ ከጋጡት ነገ የማመጣቸውን ምን አበላቸዋለሁ?» ብሎ መለሰላቸው።

ያን ቀን በጉን ገዝቼ ገባሁ፤ መልሱ ግን አብሮኝ ሰነበተ። እኛ ከተማ ያደግን ሰዎች ስለ ግጦሽ የምናውቀው በትምህርት ቤት የተነገረንን ያህል ነው። «ልቅ ግጦሽ መሬትን ያራቁታል፣ አፈርን ያሸረሽራል» ተብለን ተምረናል፤ በፈተናም ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ያልተነገረን ሌላው ግማሽ፣ በዚህች አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ልቅ ያልነበረ ግጦሽ እንደነበረ ነው። ሕግ ነበረው፤ ዳኛ ነበረው፤ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን ነበረው። ታዲያ ያ ግጦሽ እንዴት ልቅ ሆነ? የለቀቀውስ ማን ነው?

የከብት አፍ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ከብት ሳርን እንዴት እንደሚበላ ማየት ይጠቅማል። የግጦሽ ሕግ ሁሉ የተሠራው በከብት አፍ ልክ ነውና።

ላም በላይኛው መንጋጋዋ የፊት ጥርስ የላትም። ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ ትይዝና በታችኛው ጥርሷና በላይኛው ድዷ መካከል አጥብቃ ትነጨዋለች። ስለዚህ የሚመቻት ረዘም ያለ ሳር ነው፤ ከመሬት ጋር የተጣበቀውን እምብዛም አታገኘውም። በግ ግን ከንፈሯ ስንጥቅ፣ አፏም ቀጭን በመሆኑ ላም የተወችውን አጭር ሳር ተጠግታ ትለቅማለች። ፈረስና አህያ ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ስላላቸው እንደ መቀስ ይቆርጣሉ። ፍየል ከሳር ይልቅ ቅጠል ትመርጣለች፤ በኋላ እግሯ ቆማ ከቁጥቋጦው ትቀነጥሳለች። ግመል ደግሞ አንገቱን ዘርግቶ ፍየል የማትደርስበትን የግራር ጫፍ ይበላል። እንግዲህ ላምና በግ፣ ፍየልና ግመል ቀላቅሎ የሚያረባ ሰው በአንድ መሬት ላይ አራት ማዕድ ዘርግቷል ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው አስቦበት ነው።

ሳርም የራሱ ብልሃት አለው። አብዛኛው ሳር የሚያድግበት ቦታ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከመሬት አጠገብ ነው። ለዚህ ነው የዛፍ ችግኝ አናቱን ሲቀነጥሱት ሲጎዳ፣ ሳር ግን ቢነጩት መልሶ የሚያቆጠቁጠው። ይሁን እንጂ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ካጠራቀመው ስንቅ ቀንሶ ነው። አዲሱ ቅጠል ፀሐይ ጠግቦ የተቀነሰውን እስኪተካ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ሳያገኝ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከተነጨ ሥሩ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ይሞታል።

ጣጣው የሚመጣው ከብት መራጭ በመሆኑ ነው። ያረጀውን ሳር አልፎ ባለፈው ሳምንት በነጨው ላይ ያቆጠቆጠውን ለጋውን ይሻል። አንድ ቦታ ተወስኖ ከዋለ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ጣፋጩ ነው። ስለዚህ ከመስክ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ምርጡ ሳር ነው። ቦታውን የሚወርሰው ደግሞ ከብት የማይነካው እሾህና መራራ ቅጠል ይሆናል። ፈረንሳዊው አንድሬ ቯዛን እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ሳር ምርታማነት ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ የተከራከረበት ፍሬ ነገር ይኸው ነው። መስክን የሚጎዳው የከብቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከብቱ የሚቆይበትና ሳሩ የሚያርፍበት ጊዜ ነው ዋናው።

የእኛ አገር እረኞች ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ሳሩ የሚያርፍበትን ጊዜ ግን በሕግ አስረውት ነበር። አንዱ በቀን መቁጠሪያ፣ አንዱ በውኃ፣ አንዱ በወንዝ ሙላት። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

የመንዝ ቀጠሮ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲዘልቁ መንዝ ይገኛል። ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ከመቆረጡ በፊት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ብርዳማ መስክ አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ ጓሳ ይባላል፤ በላዩ የሚበቅለውም ሳር ጓሳ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በዚህ ሳር ነው። ገመድ የሚገምደው፣ እረኛው ለዝናብ የሚደርበውን ገሳ የሚሠራው በዚሁ ነው። ማገዶውን ጨረንፌ ከሚባለው ቁጥቋጦ ያገኛል። ዛሬ ከውጭም ከአገር ውስጥም ሰዎች ወደ ጓሳ የሚሄዱት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ነው። ነገር ግን ቀበሮውም ጭላዳውም እስካሁን የቆዩት ሳሩ ስለቆየ ነው። ሳሩ ደግሞ የቆየው ስለተጠበቀ ነው።

በአካባቢው ትውፊት መሠረት ሥርዓቱን የመሠረቱት በ17ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ናቸው። መሬቱን በፈረስ ግልቢያ እንደተካፈሉም ይነገራል። ጓሳን ግን ለእርሻ ሳይሆን ለግጦሽና ለክዳን ሳር ለዩት። የእነርሱ ተወላጆች በአጽመ ርስት የሚጠቀሙበት፣ ቀሮ የሚባል የአስተዳደር ሥርዓትም ቆመለት። ይህን ታሪክ በሰፊው ያጠናው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘለዓለም ተፈራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከአስቦ አንድ፣ ከጌራ አንድ አለቃ ባለመብቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ይመረጣል። ጓሳ ይዘጋል። የሚዘጋው ለሳምንት ወይም ለወር አልነበረም፤ እንደ ሳሩ ዕድገትና እንደ ሕዝቡ ችግር ታይቶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተከታትሎ ሊዘጋ ይችል ነበር። በዚያን ጊዜ ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ጎልማሳው ሁሉ በተራ እየወጣ ይጠብቃል። ሕጉ የቤተ ክርስቲያን ግዝት ስለነበረበት ሰውን ብቻ ሳይሆን ታቦቱንም መፍራት ነበር።

አለቆቹ ሳሩ ደርሷል ብለው ሲያምኑ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በገበያና በለቅሶ ቤት ይነገራል። ጊዜው በጋው የጠናበት፣ የካቲት ወይም መጋቢት ነው። በቅድሚያ የሚገባው ማጭድ ነው። ሕዝቡ ለክዳን የሚሆነውን ሳር ካጨደ በኋላ ነው ከብቱ የሚለቀቀው። ከዚያ ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን በአቦ፣ ከብቱ ወጥቶ ጓሳ ይዘጋል። ሳሩ ዝናቡን ብቻውን ይጠጣል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ቢያስብ ደስ ይለኛል። በአራተኛው የመዘጊያ ዓመት ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ በጓሳ ቢያልፍ ምን ያያል? ወገብ የሚደርስ ሳር፤ የማይታረስ መሬት፤ ከብት የሌለበት፣ አጥር የሌለው ሰፊ ሜዳ። «ይህ ሁሉ መሬት ጦሙን ያድራል!» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ከዚያ መሬት በላይ ባለቤት የነበረው መሬት በአካባቢው አልነበረም። ከብት ያልታየበት የአካባቢው ሰው ለክፉ ቀን ስላስቀመጠው ነው።

ሥርዓቱ ለሁሉም ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተቆጠረ፣ ርስት የሌለው ሰው፣ ከብቱ ቢራብም ጓሳን በሩቁ ነበር የሚያየው። በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ለገባርና ለጭሰኛ ትልቅ ነፃነት ነበር። በጓሳ ግን ከርስቱ ጋር ቁልፉም ቀረ። አስቀድሞ የተከለከለው ገባ፤ ባለመብት የነበረውም «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ብሎ ገባ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ መዝጊያውን የሚተካ ሕግ ሳይበጅ በሩ መነቀሉ ግን ሳሩን ጎዳው። የመንዝ ሰው ግን ዝም አላለም። ከየገበሬ ማኅበራቱ ተወካዮች አውጥቶ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ላይ የቆመ አዲስ መዝጊያ ሠራ። ጓሳ ዛሬም ድረስ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የቦረና ጉድጓድ

ከመንዝ ብርድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦረና ቆላ እንውረድ። እዚያ ሜዳውን በቀን መቁጠሪያ መዝጋት አይቻልም። ዝናቡ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይጥላልና። ስለዚህ ቦረናዎች የግጦሹን መዝጊያ ያደረጉት ውኃን ነው።

ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ዝነኛ ናቸው፤ ዘጠኝ ቦታዎች ተብለው ይቆጠራሉ። በበጋ ውኃው የሚወጣው በሰው ሰንሰለት ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ገንዳውን ይሞላሉ። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚወስን የጉድጓዱ ተራ ኃላፊ አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። በበጋ አንድ የከብት መንጋ በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ መጠጣቱ የተለመደ ነው። ከብቱ ከጉድጓዱ በሁለት ቀን ከሚመላለስበት ርቀት በላይ መግጠጥ አይችልም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሳር ውኃ ስለሌለበት ብቻ በበጋ ያርፋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከብቱ በየቦታው ወደተጠራቀመው ውኃ ይበተናል፤ በተራው በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሳር ያገግማል።

መንጋውም በሁለት ይከፈላል። የምትታለበው ላም ከነጥጃዋ በመንደሩ አጠገብ ትቀራለች፤ ይህ ወራ ነው። የማትታለበው፣ ወይፈኑና ጊደሩ ከወጣቶቹ ጋር ሩቅ ይሄዳል፤ ይህ ፎራ ይባላል። ለጥጃና ለታመመ ከብት ደግሞ ካሎ የተባለ የታጠረ መስክ ይለያል። በየጊዜውም ያረጀውን ሳርና ቁጥቋጦውን በእሳት ያቃጥሉ ነበር፤ ሳሩ እንዲታደስ፣ መዥገሩ እንዲቀንስ፣ እሾሁ እንዳይወርስ።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የመጡት የእንስሳት ልማት ፕሮጀክቶች ይህን አገር ሲያዩ አንድ ጉድለት ታያቸው። «እዚህ ጥሩ ሳር አለ፣ ውኃ ግን የለም» አሉ። በዓለም ባንክም ገንዘብ ጭምር በማሽን ኩሬዎች ተቆፈሩ። በቅን ልቦና የተሠራ ሥራ ነበር፤ ለተጠማ ከብት ውኃ መስጠት ማን ይጠላል? ነገር ግን ውኃው ሲመጣ በበጋ ያርፍ የነበረው ሳር ዓመቱን ሙሉ ይጋጥ ጀመር። በእነዚያው ዓመታት እሳት መለኮስ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦው ሳሩን እየዋጠው መሄዱን አጥኚዎችም ቦረናዎችም ይመሰክራሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ ወቅቱን እየዘለለ በቀረበት ድርቅ በቦረና ስፍር ቁጥር የሌለው ከብት ሲያልቅ፣ የዝናቡ መጥፋት ዋናው ምክንያት ነበር። ሆኖም በቀደመው ዘመን ለእንዲህ ያለው ዓመት ተብሎ የሚጠበቀው ሳር ቀደም ብሎ መሳሳቱ መዘንጋት የለበትም።

የአዋሽ ዳር

ሦስተኛው ታሪክ ከሁለቱም የከፋ ነው።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣና ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ወንዙ ይሞላና ዳር ዳሩን ያጥለቀልቃል። አፋሮች በዝናቡ ወራት ከብታቸውንና ግመላቸውን ይዘው ከወንዙ ይርቃሉ፤ ዝናብ ያበቀለውን የሜዳውን ሳር ያስግጣሉ። ሜዳው ሲደርቅ ግን የሙላቱ ውኃ ሸሽቶ ከሥሩ ለምለም ሳር ትቶላቸዋል። በጋውን የሚያሳልፉት በዚያ ነው። ድርቅ በጠና ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው መሸሸጊያ ያው ወንዝ ዳር ነበር።

እንግዲህ በዝናብ ወራት ወደ ወንዙ ዳር የመጣ ቀያሽ ምን አየ? በጓሳ ያለፈው እንግዳ ያየውን አየ። ጥቁር አፈር፣ ውኃ፣ ሳር፤ ሰውና ከብት ግን የሉም። ሕጉም አገዘው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ሰው ስም ያልተያዘውን ንብረት፣ ደኑንና የግጦሽ መሬቱን ጭምር፣ የመንግሥት ሀብት ነው ብሎ ደነገገ። በስም ያልተያዘ! አፋር መሬቱን የሚያውቀው በጎሣና በወቅት እንጂ በወረቀት አልነበረም። ከተማው ውስጥ «ዘላን» የምትለው ቃል የልማድ ስድብ ሆና ነበር፤ አድራሻ የሌለው፣ ያገኘበት የሚያድር ማለት። አድራሻ የሌለው ሰው ደግሞ ርስት አለኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀና ወንዙ ተገራ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ጀመረ። በላይኛው አዋሽ፣ በመተሐራ የከረዩ ሕዝብ ከብቱን የሚያሰማራበት መሬት ለሆላንዶች የሸንኮራ እርሻ ተሰጠ፤ በአጠገቡም የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራሕና ሌሎች የአካባቢው ባላባቶችም ወደ ጥጥ እርሻ ገቡ፤ ነገሩን የውጭ ሰው ብቻ ያመጣው አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ያም ሆነ ይህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የወንዝ ዳር መሬት ከከብት ወደ ጥጥና ወደ ሸንኮራ ተዛወረ።

የልማቱ ሰዎች የሚያቀርቡት ሙግት ይህ ነበር፦ «የአፋር ምድር ሰፊ ነው። የወሰድነው ከአጠቃላዩ ትንሽ ነው።» በቁጥር ልክ ናቸው። የአንድ ቤት በር ከቤቱ ስፋት ጋር ቢነጻጸር ትንሽ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ግን ቤቱ በሙሉ ከንቱ ነው። የቀረው ሰፊ ሜዳ የሚጠቅመው የወንዙ ዳር ሳር ካለ ብቻ ነበር። በጋ የማያሳልፍ ከብት የክረምቱ ሳር ምን ያደርግለታል?

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ ቀረ። ከብቱ እንደ አባቱ ወግ ወደ ወንዙ ሲመለስ ጥጥ ቆሞ ጠበቀው። በወሎ ረሃብ ቀድመው ከተጎዱት መካከል አፋሮች ነበሩ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ መርምሮታል። አርብቶ አደሩን የጎዳው ድርቁ ብቻ አልነበረም። የበጋ ግጦሹን በእርሻ ተነጥቋል፤ የተረፈውን ከብት ይዞ ገበያ ሲወጣም የከብት ዋጋ ወድቆ በአንድ በሬ የሚገዛው እህል አንሶ አገኘው። በዚያው ጊዜ የአዋሽ እርሻዎች ውኃ እየጠጡ ጥጥ ያመርቱ ነበር። ወንዙ አልደረቀም፤ ባለቤቱ ነው የተለወጠው።

የጋራና የማንም

በ1960 ዓ.ም. ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ለሁሉም ክፍት የሆነ መስክ ቢኖር እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት፣ ሌላም አንድ ከብት እየጨመረ ይሄዳል። ጥቅሙ የግሉ፣ ጉዳቱ የሁሉ ነውና በመጨረሻ መስኩ ይጠፋል፤ የሃርዲን ክርክር ይህ ነበር። ጽሑፉ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ የጋራ ግጦሽን ለማፍረስ ለፈለገ ሁሉ ማስረጃ ሆነ። እኛም በትምህርት ቤት «ልቅ ግጦሽ» ብለን የጻፍነው የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው።

የሃርዲን መስክ ግን ዳኛ የለውም፣ ቀጠሮ የለውም፣ ጉድጓድ የለውም። ጓሳ አይደለም፤ ቦረናም አይደለም። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ በጋራ የተያዘ ሀብት ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጠፋ የቆየባቸውን አገሮች አሳየች። ከጠቀሰቻቸው አንዱ ቶርበል የሚባለው የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1517 በወጣ ሕግ ማንም ሰው በክረምት በቤቱ ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው መስክ መላክ አይችልም። ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የኢኮኖሚ ሽልማት አገኘች። ሃርዲን ራሱም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ማለት የፈለገው አስተዳዳሪ ስለሌለው የጋራ ሀብት እንደነበር ገልጿል።

በአማርኛ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ «የጋራ» እና «የማንም» አንድ አይደሉም። ባለፈው መቶ ዓመት የሆነው ግን የጋራ የነበረውን መጀመሪያ የማንም ማለት፣ ከዚያም የማንም ስለሆነ መውሰድ ነው። ከተወሰደው የተረፈው ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ከብት ይታጨቅበታል። ሳሩ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሳያርፍ ይነጫል፤ ይሞታልም። በመጨረሻ ባለሙያው ይመጣና «እነሆ ልቅ ግጦሽ፣ እነሆ ኋላ ቀር አረባብ» ብሎ ይጽፋል።

እንደ ድሮው እንመለስ ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ አያዋጣም። የሰውም የከብቱም ቁጥር የአስቦና የጌራ ዘመን አይደለም። ስኳርም ጥጥም ያስፈልገናል። በዘር የሚከፈት መስክን ማንም አይመኝም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ከ1948ቱ ጋር ሲተያይ የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት ነው። ነገር ግን ዓይናችን ገና አልተለወጠም። ከዚያ ድንጋጌ በኋላም በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የሸንኮራ መሬት ሲመነጠር፣ ግድቡም የወንዙን ዓመታዊ ሙላት ሲያስቀር፣ በየስብሰባውና በየዜናው የምንሰማው «ሰፊና ያልተነካ መሬት» የሚለውን ቃል ነበር። ያልተነካ የተባለው ሳር ማን እንዳልነካው፣ ለምን እንዳልነካው የጠየቀ ጥቂት ነው።

በልጅነታችን ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ስለገባው በሬ ያልሰማን የለም። ተረቱ በሬውን ሞኝ ያደርገዋል። የጓሳንና የቱላን፣ የአዋሽንም ታሪክ ካየን በኋላ ግን በሬው ላይ መፍረድ ያስቸግራል። በሬውን የሚነዳ፣ ገደሉን የሚያውቅ፣ «ነገ የማመጣቸውን ምን አበላቸዋለሁ?» ብሎ ሳይጠግቡ የሚያስነሣ እረኛ ነበረው። ሳሩን ብቻ ያየነው እኛ ነን።